ዳሽቦርዱ ቀይ ሲያበራ ወረርሽኝ ነው ወይስ የዳታ ችግር? እንዴት ነው የምትለዩት?

ጥያቄ፦ ግራፍ_ወዳዱ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙያዬ ስታትስቲክስና ትንሽ ኮድ ምናምን ነው፣ የጤና ሰው አይደለሁም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ የሚመጣ የበሽታ ሪፖርት የሚሰበስብ ቡድን ውስጥ ገብቼ ዳታውን ማጽዳትና ማንቂያ መስራት የኔ ስራ ሆኗል። ማንቂያው ቀላል ነው፣ የእያንዳንዱን በሽታ ያለፉ ሳምንታት አማካይ ይወስድና አዲሱ ቁጥር ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መለኪያ) ከበለጠ ቀይ ያበራል፣ ለሚመለከተው ሰው ኢሜይል ይልካል። አለቀ።

ችግሩ ቀዩ በዛ። ተቅማጥ፣ ሳንባ ምች፣ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ሳምንት በመጣ ቁጥር የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ይዘላል፣ ኢሜይሉ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው መክፈት ትቷል፣ አንዱ ባልደረባዬ ጭራሽ በቀጥታ ወደ ሌላ ፎልደር እንዲገባ አድርጎታል። በጣም የሚያናድደው ደሞ በቅርቡ እውነተኛ የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነስቶ የሰማነው ከሲስተሙ ሳይሆን አንዲት ነርስ ስልክ ደውላ ነው። እዛ ተቋም ላይ ሲስተሙ አረንጓዴ ነበር!

እና እስቲ ይሄን ስራ የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ። ቁጥር ሲዘል እውነተኛ መሆኑን በምን ነው የምታውቁት? ደሞ አለቆቻችን የመድኃኒት ቤት ሽያጭ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ነገር፣ ሶሻል ሚዲያ፣ ሁሉም ይጨመርበት እያሉ ነው፣ ዳታ ሲበዛ ይሻላል ወይስ ጩኸቱ ነው የሚበዛው? ሌላው፣ አንድ ሌላ መስሪያ ቤት የታማሚዎቹን ዝርዝር ከነስማቸውና ከነስልካቸው ላኩልን ብሎ ጠይቋል፣ ለወረርሽኝ ቁጥጥር ነው ይላል፣ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ይሄ የተለመደ ነው እንዴ?

---

መልስ፦ ሳምንታዊ_ሪፖርት

እንኳን ወደዚህ ጣጣ በሰላም መጣህ ወንድሜ 😄 ብዙ ዓመት የበሽታ ቅኝት ላይ ነው የሰራሁት፣ ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ ብቻ ልጻፍ፣ ስለ ስም ዝርዝሩ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመጣል።

መጀመሪያ ሂሳቡን አንተው ታውቀዋለህ። ሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ስትል ቁጥሩ በተለመደው የደወል ቅርጽ ቢከፋፈል እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ ሁለት ምናምን ጊዜ ታልፈዋለህ። ተቋማቱን በበሽታዎቹ አባዝተህ 1000 መስመር የምትከታተል ከሆነ ምድር ላይ ምንም ሳይፈጠር በየሳምንቱ 23 አካባቢ ቀይ ይበራልሃል ማለት ነው። ያንን ሁሉ ማን ይከፍታል? ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም።

ኩፍኙን ለምን እንደሳተው ደሞ ሳላየው ልገምት፦ እዛ ተቋም ከዚህ በፊት ወረርሽኝ ነበረ አይደል? ያለፈው ወረርሽኝ አማካይህ ውስጥ ከገባ አማካዩም መበታተኑም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ አሁን አራት አምስት ልጅ ሽፍታና ትኩሳት ይዞ ቢመጣ ለሲስተሙ ምንም አይደለም። የድሮውን ወረርሽኝ ሳምንታት ከስሌቱ ማውጣት ወይም ክብደታቸውን መቀነስ አለብህ። ወይም አማካይ ትተህ ሚዲያንና ኳርታይል ተጠቀም፣ ለወባ ለምሳሌ ከድሮ ጀምሮ ብዙ ቦታ የሚሰራበት ያለፉትን አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት አስቀምጦ ሶስተኛውን ኳርታይል (ከቁጥሮቹ ሶስት አራተኛው ከሱ በታች የሚሆንበትን) እንደ ጣራ መውሰድ ነው። ሞኝ ዘዴ ይመስላል፣ ግን አንድ የተበላሸ ዓመት አያናጋውም፣ ወቅቱንም ያከብራል፣ የዝናብ ወቅትን ከደረቅ ወቅት ጋር አያወዳድርም።

ሁለተኛ ነገር፣ ለሁሉም በሽታ አንድ ቀመር ብሎ ነገር የለም። ፖሊዮ፣ ኮሌራ በማይታወቅበት ቦታ ኮሌራ፣ ኢቦላና መሰሎቹ፣ እነዚህ ላይ አንድ ተጠርጣሪ ሰው ራሱ ማንቂያ ነው፣ ምን አማካይ ያስፈልገዋል። የማጅራት ገትር በሚበዛበት አካባቢ ደሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በህዝብ ቁጥር ነው፣ ከ30,000 እስከ 100,000 ህዝብ ባለበት ቦታ በሳምንት ከ100,000 ሰው 3 ከሆነ ንቁ፣ 10 ከሆነ ወረርሽኝ ነው። ተቅማጥና ጉንፋን ላይ ነው እንዳንተ ዓይነቱ ስታትስቲክስ በትክክል የሚጠቅመው፣ ምክንያቱም ሁሌም ስላሉ።

አሁን ቀይ ሲበራ እኔ የማደርገውን ልንገርህ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ከመጨቃጨቄ በፊት ማለት ነው። መጀመሪያ ስንት ተቋም ሪፖርት እንዳደረገ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግማሹ ብቻ ልኮ በዚህ ሳምንት ሁሉም ከላከ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ በሽታው ግን ያው ነው። ከዛ ዜሮና ባዶን እለያለሁ፣ ይሄ ዋናው ነገር ነው፣ «ምንም ታማሚ የለም» ብሎ ዜሮ የጻፈ ተቋምና ጭራሽ ያልላከ ተቋም ዳታቤዝህ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆነው ከተቀመጡ ቀሪውን ስራ ባትሰራው ይሻላል። ዜሮ ሪፖርት የሚባለውን ነገር ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ብዙዎች አይገባቸውም፣ ዜሮ መረጃ ነው፣ ባዶ ግን ዝምታ ነው። ጆን ስኖው የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1854 ለንደን ላይ የኮሌራውን ጉድጓድ ሲያሳድድ የሞቱትን ካርታ ላይ ነጠበ ብቻ ሁሌ ይወራል፣ ሰዎችን ያሳመነው ግን ያልሞቱትም ጭምር ናቸው፣ እዛው አጠገብ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሰራተኞች ቢራቸውንና የራሳቸውን ውሃ እየጠጡ አንዳቸውም በኮሌራ አልሞቱም። ዜሮው ባይመዘገብ ያ ማስረጃ አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ ቀኑን አያለሁ፣ የትኛው ቀን ነው? ምልክቱ የጀመረበት፣ ተቋም የመጣበት፣ ላብራቶሪ ያረጋገጠበት ወይስ ኮምፒውተር ላይ የገባበት? አራቱ አራት የተለያየ ግራፍ ይሰጡሃል። በገባበት ቀን ከሳልከው የጸሐፊውን የስራ ፕሮግራም ነው የሳልከው፣ ሰኞ ሰኞ ወረርሽኝ ይነሳና ቅዳሜና እሁድ ይጠፋል 😅። ምልክቱ በጀመረበት ቀን ከሳልከው ደሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሶስት ሳምንታት ሁሌ ዝቅ ብለው ነው የሚታዩት፣ ሰው ታሞ እስኪመጣ፣ ተመዝግቦ እስኪላክ ጊዜ ስለሚወስድ። ስንቱ ባለስልጣን ነው ያንን ጅራት አይቶ «ወረርሽኙ ቀነሰ» ብሎ መግለጫ የሰጠው።

እነዚህ ሁሉ አልፈው አሁንም ቀይ ከሆነ ስልክ አነሳለሁ። አዎ፣ ስልክ። ተቋሙ ጋ ደውዬ መዝገቡን የያዘውን ሰው «ይሄ ሳምንት ምን አለ?» እላለሁ። አምስት ደቂቃ ነው፣ ከየትኛውም ሞዴል ይበልጣል። እና ያቺ የደወለችላችሁ ነርስ ከሲስተማችሁ ውጪ እንዳትመስልህ፣ እሷ ራሷ ሲስተሙ ናት። የሷ ስልክ የሚመዘገብበት ቦታ አላችሁ? ጭምጭምታ የሚመዘገብበት ማለቴ ነው፣ ማን ነገረን፣ መቼ፣ ማን አጣራው፣ ምን ሆነ። ከሌላችሁ ከማንቂያው በፊት እሱን አዘጋጁ።

---

መልስ፦ ሞዴል_ፊት

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ጥሬውን ዳታ ለኤአይ ስጡትና እሱ ይለየው። በ2024 እና ከዛ በኋላ ያለን ቴክኖሎጂ ይዘን ስልክ እየደወልን ነው እንዴ የምንኖረው። የኢንተርኔት ፍለጋ ዳታ ከሆስፒታል ሪፖርት በሳምንት ይቀድማል፣ ሰው መጀመሪያ ጉግል ያደርጋል ከዛ ነው ሐኪም ጋ የሚሄደው።

---

መልስ፦ ሳምንታዊ_ሪፖርት

@ሞዴል_ፊት ወንድሜ ይሄ እኮ ተሞክሯል፣ በትንሽ ሳይሆን በትልቁ። ጉግል ራሱ በ2008 ፍሉ ትሬንድስ የሚባል ነገር አውጥቶ ሰዎች የሚፈልጉትን ቃላት አይቶ የኢንፍሉዌንዛን መጠን እገምታለሁ ብሎ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም አጨበጨበ። በ2009 አዲሱ ኤች1ኤን1 የሚባለው ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ማዕበል አሳንሶ አየው፣ ምክንያቱም ከወቅቱ ውጪ ነበር የመጣው። በ2012 እና በ2013 መካከል ባለው ወቅት ደሞ በሐኪም ጉብኝት ከተመዘገበው እጥፍ አካባቢ አድርጎ ገመተ፣ ዜናው ስለ ጉንፋን ሲያወራ ጤነኛውም ሰው ይፈልጋል እኮ። በ2015 ተዘጋ። ነገሩ የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ከትክክለኛው ሪፖርት ጋር ተቀላቅሎ የሚጠቅምበት መንገድ አለ፣ ለብቻው ግን በሽታውን ሳይሆን የሰዉን ፍርሃት ነው የሚለካው።

---

መልስ፦ ሞዴል_ፊት

እሺ ፍሉ ትሬንድስ የድሮ ነው። ኮቪድን ግን ከመንግስታት በፊት ያዩት የኢንተርኔት ሲስተሞች ነበሩ አይደል?

---

መልስ፦ ናሙና_ጠባቂ

ግማሽ እውነት ነው እሱ፣ እኔ ልመልስ (ላብራቶሪ ነኝ)። ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ማታ ፕሮሜድ የሚባለው የባለሙያዎች የኢሜይል መረብ ዉሃን ከተማ ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች እንዳለ የሚገልጽ ጥያቄ ለዓለም አሰራጭቷል። ግን ያንን ያደረገው ማሽን አይደለም፣ ከቻይና ሶሻል ሚዲያ ላይ የወጣን ወረቀት ያዩ ሰዎች ናቸው የጠቆሙት፣ አዘጋጆቹም ሰዎች ናቸው ያጣሩት። ይሄ ዓይነቱ ነገር ደሞ ህግ ውስጥ የገባ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ የሚሰራው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ የዓለም ጤና ድርጅት ከመንግስት ውጪ የመጣን ወሬም ወስዶ አገሩን «እውነት ነው ወይ» ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ ይሄ ሳርስ ከሚባለው የሳንባ በሽታ ወረርሽኝ በኋላ የመጣ ትምህርት ነው። ስለዚህ @ግራፍ_ወዳዱ፣ ሶሻል ሚዲያ ጨምሩ ካሏችሁ እንደ ጥቆማ ተቀበሉት፣ ቁጥር አድርጋችሁ ግራፉ ላይ አትደምሩት።

አሁን የኔን ላስገባ፣ ሁላችሁም የረሳችሁትን። ናሙና! የትኛውም ግራፍ «ተጠርጣሪ» ነው የሚቆጥረው፣ የሚያረጋግጠው ላብራቶሪ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ የመጀመሪያው ታማሚ ነው ተብሎ የሚታሰበው ልጅ ጊኒ ውስጥ የሞተው በዲሴምበር 2013 ነው፣ ኢቦላ መሆኑ የታወቀው በማርች 2014 ነው። በዛ መሀል ሰው አልታመመም ማለት አይደለም፣ ሰው እየሞተ ነበር፣ ሪፖርትም ነበር፣ ምልክቱ ግን ወባና ኮሌራ ይመስል ስለነበር ማንም ትክክለኛውን ምርመራ አላዘዘም። ከ11,000 በላይ ሰው ሞቷል መጨረሻ ላይ። የናንተ ማንቂያ እዛ ቢኖር ምናልባት «ትኩሳት ጨመረ» ይል ነበር፣ ከዛስ? ማንቂያው ናሙና የሚወስድ ሰው እግር ስር ካላረፈ ኢሜይል ነው በቃ።

ሌላ የላብ ሰው የሚያየው ነገር፣ የተረጋገጠ ኬዝ ጨመረ ሲባል መጀመሪያ ስንት ሰው ተመረመረ በሉ። የመመርመሪያ ኪት ሲገባ ኬዝ ይጨምራል፣ ኪት ሲያልቅ ወረርሽኙ «ይቆማል»። ከተመረመረው ውስጥ ስንት በመቶው ፖዘቲቭ እንደሆነ ጎን ለጎን ካልሳላችሁት የኛን እቃ ግምጃ ቤት ነው የምትከታተሉት። ምርመራውም ቀንሶ የፖዘቲቭ መጠኑ ከጨመረ ደሞ ያን ጊዜ ደንግጡ፣ ብዙ ሰው እያመለጣችሁ ነው።

ዳታ ይጨመር ከተባለ እኔ ብጠየቅ ከኢንተርኔት ፍለጋ በፊት የፍሳሽ ቆሻሻን እመርጣለሁ። ሰው ሐኪም ጋ ባይሄድም ሽንት ቤት ይሄዳል። ፖሊዮ ከያዛቸው ሰዎች እጅና እግሩ የሚልመሰመሰው ከ200 አንዱ አካባቢ ነው፣ ሌላው ሳያውቀው ያስተላልፋል፣ ስለዚህ አንድ ልምሻ እስኪታይ ከጠበቅክ ዘግይተሃል። በ2022 ለንደን ላይ በፍሳሽ ናሙና ውስጥ ከክትባት የመነጨ (በአፍ ከሚሰጠው ክትባት የተዳከመ ቫይረስ ተለውጦ የመጣ) የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ በልምሻ የታመመ አንድም ሰው አልነበረም፣ በዛ ምክንያት ብቻ ለልጆች ተጨማሪ ክትባት ተሰጠ። በዛው ዓመት ኒውዮርክ አካባቢ ግን አንድ ያልተከተበ ወጣት ታሞ ነው የተደረሰበት፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ለሌላ ስራ የተቀመጠ ፍሳሽ ሲመረምሩ ቫይረሱ ቀድሞም እዛ ነበር። ፍሳሽ ግን ማን እንደታመመ አይነግርህም፣ የፍሳሽ መስመር የሌለበትም ሰፈር አይታይም፣ ይሄን እወቅ።

ፖሊዮ ካነሳሁ አይቀር አንድ ብልሃት ልጨምር፣ ዜሮና ባዶ ስላላችሁ። ከ15 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ አንድ በፖሊዮ ያልመጣ ድንገተኛ ልምሻ ሪፖርት መደረግ አለበት ይባላል፣ ምክንያቱም ፖሊዮ ባይኖርም ልምሻ በሌላ ምክንያት ይመጣል። አንድ ቦታ ጭራሽ ሪፖርት ካላደረገ «ጎበዝ፣ ንጹህ ነው» አይባልም፣ «ይሄ ቦታ እየፈለገ አይደለም» ነው የሚባለው። ለሌሎቹም በሽታዎች እንዲህ ዓይነት መፈተሻ ቢኖር ምን ነበረበት።

---

መልስ፦ ቧንቧ_ሰራተኛ

እኔ ጤና አይደለሁም፣ ዳታ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ የማሻገር ስራ ነው የምሰራው፣ አጭር ነገር። ሰው ሞዴሉ ላይ ይጨቃጨቃል፣ አደጋው ግን መንገድ ላይ ነው። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ፖዘቲቭ ውጤት ከሪፖርቱ ውጪ ሆኖ የቀረው ለምን መሰላችሁ፣ የላብ ውጤቱ ወደ ድሮው የኤክሴል ፋይል ሲገለበጥ ያ ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይችል የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ማንም ኤረር አላየም። ሰዎቹ ራሳቸው ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፣ ከነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው ግን በጊዜው አልተፈለጉም።

ስለዚህ @ግራፍ_ወዳዱ ማንቂያህን በሽታ ላይ ብቻ አታድርገው፣ ዳታው ላይም አድርግ። የገባው መስመር ብዛት ከተላከው ጋር እኩል ነው? አንድ ተቋም ለተከታታይ ሳምንታት ያው አንድ ቁጥር ነው የሚልከው? (ኮፒ ፔስት ነው፣ አትጠራጠር።) ቀኖቹ ሁሉ የወሩ 1 እና 15 ላይ ተከምረዋል? ዕድሜ ባዶ ሲሆን ሲስተሙ ዜሮ ብሎ እየሞላ በድንገት የጨቅላ ህጻናት ወረርሽኝ እየሰራልህ ነው? ይሄ የመጨረሻው በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ፎርሙ ሲታደስ ዕድሜ የሚለውን ሳጥን አስገዳጅ አድርገውት ሰራተኛው ዕድሜ ካላወቀ 0 እየጻፈ ያልፍ ነበር፣ ግራፉን ብታዩት ህጻናቱ አለቁ ትላላችሁ። ሳጥን አስገዳጅ ስታደርግ ሰው እውነቱን ሳይሆን የሚያሳልፈውን ነው የሚሞላው፣ «አይታወቅም» የሚል ምርጫ ስጡት።

---

መልስ፦ ምስጢር_ይከበር

ሶስተኛውን ጥያቄ እስካሁን ማንም ስላልነካው እኔ ልያዘው። ደስ ያላለህ በትክክል ነው፣ እንዳትልክ።

ነገሩን ለያይተን እንየው። ስም የሚያስፈልገው ሰው አለ፦ ታማሚውን የሚያክመውና ከሱ ጋር የነበሩትን ሰዎች ቤት ለቤት ሄዶ የሚፈልገው ቡድን። እዛ ደረጃ ላይ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ ያለው ዝርዝር የግድ ነው፣ እዛው ይቀመጣል፣ ማን እንደከፈተው ይመዘገባል፣ ስራው ሲያልቅ ይዘጋል። ከዛ በላይ ያለው፣ የት ሰፈር በየትኛው ዕድሜ እየጨመረ ነው የሚለውን የሚያይ ቢሮ፣ ስም ምን ያደርግለታል? ቁጥር ይበቃዋል። ሌላ መስሪያ ቤት ሲጠይቅ መጀመሪያ «በስሙ ምን ልታደርጉበት ነው?» በሉት በጽሁፍ። አብዛኛው ጊዜ መልስ የለውም፣ «ለማንኛውም ይኑረን» ነው። ለማንኛውም የሚባል ምክንያት የለም። መልስ ካለውም በየትኛው ህግ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል ወይ የሚለው ወረቀት ላይ ይስፈርና የናንተ የህግ ሰው ይየው፣ አንተ ብቻህን በኢሜይል የምትወስነው ነገር አይደለም።

ስሙን ከዝርዝሩ ብናጠፋው ችግር የለውም የሚሉም አሉ፣ አለው። ላታንያ ስዊኒ የምትባል ተመራማሪ በ2000 ያሳየችው፣ አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ኮድ፣ ሙሉ የልደት ቀንና ጾታ ብቻ ይዘህ ከህዝቡ 87 በመቶ የሚሆነውን አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ትንሽ ሰፈር ውስጥ ደሞ ሶስቱም አያስፈልጉም፣ «የ34 ዓመት ሴት፣ ኤችአይቪ፣ የእገሌ መንደር» ካልክ ጎረቤት ሁሉ አወቃት። ለዛ ነው ለውጭ የሚወጣ ሰንጠረዥ ላይ ከአምስት ያነሰ ቁጥር የሚሸፈነው፣ ዕድሜ በቡድን (ለምሳሌ ከ30 እስከ 39) የሚጻፈው፣ ቦታው ሰፋ የሚደረገው። አንድ ሳጥን ብቻ ሸፍነህ ድምሩን ካስቀመጥክ ደሞ ቀንሶ ያገኘዋል፣ እሱንም አስብ።

እና ይሄ የመብት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የዳታው ህይወት ነው። ሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የሚባለውን የንክኪ መከታተያ ስታወጣ ለኮቪድ ብቻ ነው ተብሎ ነበር፣ በጃንዋሪ 2021 ግን ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ መውሰድ እንደሚችል ፓርላማ ላይ ተነገረ፣ ሰው ተቆጣ፣ ከዛ አጠቃቀሙን በከባድ ወንጀሎች የሚገድብ ህግ በጥድፊያ ወጣ። እዛ እንኳን መንግስት ላይ ጠንካራ እምነት ባለበት አገር። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ሐኪም ጋ መሄዱን ይተዋል፣ ስልኩን አሳስቶ ይሰጣል፣ የጎረቤት ስም ያስመዘግባል። ከዛ @ሳምንታዊ_ሪፖርት ያልከው ባዶ ይመጣል፣ ግራፉ ያምራል፣ በሽታው ይቀጥላል።

---

ግራፍ_ወዳዱ

ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም።

ዛሬ ከቀዮቹ ሁለቱን ይዤ እንደተባለው ሄድኩባቸው። አንደኛው ተቅማጥ ነው፣ ቁጥሩ በጣም ዘሎ ነበር፣ የገባበትን ቀን ሳይ ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ተጠቃሚ ስም ነው የገባው። ከዛ በፊት ያሉት ሳምንታት ባዶ ናቸው (ዜሮ አይደሉም፣ ባዶ፣ እኛ ጋ ግን እንደ ዜሮ ነበር የሚደመሩት፣ @ሳምንታዊ_ሪፖርት እጅህን ይባርክ)። የተጠራቀመ ወረቀት ነው፣ ወረርሽኝ አይደለም። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ሲስተሙ ቀይ ያደረገው በጭንቅ ነው፣ ትኩሳትና ቢጫ መሆን የሚል፣ ግን ቀኖቹ የተለያዩ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ወጣቶች፣ ሁሉም ከአንድ የስራ ቦታ አካባቢ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰውየ «እኔም እኮ ልነግራችሁ እያሰብኩ ነበር፣ ፎርሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ስላጣሁ ሌሎች የሚለው ውስጥ ነው የከተትኳቸው» አሉኝ። ናሙና እንዲወሰድ ቡድኑ ነገ ይሄዳል።

የስም ዝርዝሩን በተመለከተ «ምን ልታደርጉበት ነው» ብለን ጽፈናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

አንድ ነገር ግን ሰውየው ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ የጠየቁኝ አለ፣ «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ሳምንት የምንልክላችሁን ምን ታደርጉበታላችሁ? አንድ ቀን መልስ አይተን አናውቅም» አሉ። ምን እንደምል ጠፋኝ። እናንተ ጋ መልስ ይላካል?

---

መልስ፦ ሳምንታዊ_ሪፖርት

@ግራፍ_ወዳዱ ትኩሳትና ቢጫነት ከአንድ የስራ ቦታ ከሆነ ቡድኑ ሲሄድ የሚጠጡትን ውሃና ክትባታቸውን ይጠይቅ፣ ወባም፣ የጉበት ኢንፌክሽንም፣ ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፒሮሲስም፣ ቢጫ ወባም ሊሆን ይችላል፣ እና ቢጫ ወባ ሊሆን የሚችልበት አካባቢ ከሆነ እስከ ነገ አትጠብቁ፣ ዛሬ አሳውቁ። 7-1-7 የሚባል መለኪያ አለ፣ በ7 ቀን መለየት፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ መጨረስ። የመጀመሪያው ታማሚ ምልክቱ የጀመረበትን ቀንና አንተ የደወልክበትን ቀን አሁኑኑ ጻፍ፣ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ደሞ «ሌሎች» የሚለውን ሳጥን በየሳምንቱ አንድ ሰው በዓይኑ ያንብበው፣ አዲስ በሽታ ሁሌ የሚደበቀው እዛ ነው፣ ፎርሙን የሰራው ሰው የማያውቀው በሽታ ሳጥን አይኖረውማ።

መልስ ይላካል ወይ ላልከው፣ መላክ አለበት፣ ብዙ ቦታ ግን አይላክም፣ ዳታ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። እኛ አንድ ገጽ እንልክ ነበር፣ ያንተ ተቋም ከጎረቤቶችህ ጋር ሲነጻጸር፣ በዚህ ሳምንት ምን አጣራን፣ ከላካችሁት ናሙና ምን ተገኘ። ቆንጆ ግራፍ አያስፈልገውም። እሱን ከጀመርን በኋላ ሰው በሰዓቱ መላክ ጀመረ፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ይልቅ እሱ ነው የሰራው።

---

መልስ፦ ናሙና_ጠባቂ

የላብ ውጤቱንም አትርሱ እባካችሁ። ናሙና ልኮ ውጤቱን ያልሰማ ሰው በሚቀጥለው ናሙና አይወስድም፣ ኔጌቲቭም ቢሆን ንገሩት። ለነገው ቡድን፣ የደም ናሙናው ቅዝቃዜ እንዳይጠፋበት፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን ቱቦው ላይ ሳይሆን ፎርሙ ላይ በደንብ ይጻፍ፣ ያለሱ ውጤቱን መተርጎም አንችልም፣ ፒሲአር (የተህዋሲውን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ) ይሰራ ወይስ ሰውነት የሚሰራው ፀረ እንግዳ አካል ይፈለግ የምንለው በቀኑ ነው።

---

መልስ፦ ሞዴል_ፊት

እሺ እሺ፣ ተሸነፍኩ 😂 ግን ያንን «ሌሎች» የሚለውን ነጻ ጽሁፍ የሚያነብ ትንሽ ሞዴል ልስራላችሁ? በተለያየ አጻጻፍ የተጻፈውን አንድ ላይ ሰብስቦ ለሰው የሚያሳይ ብቻ፣ ውሳኔ አይሰጥም።

---

ግራፍ_ወዳዱ

@ሞዴል_ፊት እሱስ ደስ ይለኛል፣ ስምና ስልክ የተጻፈበትን አጽድቼ በውስጥ መስመር አናግርሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከ@ምስጢር_ይከበር ጋር እንነጋገርበት። በነጻ ጽሁፉ ውስጥ ሰዎች የታማሚ ስም የሚጽፉበት ጊዜ አለ፣ አሁን ነው ያየሁት።